መድኃኒት የሚሆነው ሲጠራ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ከመርካቶው ሲኒማ ራስ ወደ ጉለሌ በኩል ሽቅብ ስትወጡ ፓስተር የሚባለውን ሰፈር ታገኛላችሁ። ሰፈሩ መጠሪያውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። መርካቶ ያደጉ ትልልቅ ሰዎችን ስለ ፓስተር ጠይቁማ! የሆድ መርፌውን ሳያነሡ አያልፉም። ያበደ ውሻ የነከሰው ልጅ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ እየተመላለሰ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር።

ለምን ያን ያህል መርፌ? ዛሬ ክንድ ላይ በሚሰጡ አራት ወይም አምስት መርፌዎች እንዴት ተተካ? ለእኔ ይህ ጥያቄ ወደ አንድ ድንቅ ሙያ የሚያስገባ በር ነው። ባዮኬሚስቶች ዕድሜያቸውን የሚሰጡት ሙያ ነው፤ ፕሮቲንን ማጥራት፣ ከዚያም የጠራው ነገር ምን እንደሆነ አበጥሮ ማወቅ።

ያ የድሮው የሆድ መርፌ ክትባት በፈጣሪው ስም ፌርሚ ይባላል። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በበግ አንጎል ውስጥ እንዲራባ ይደረጋል፤ ከዚያ አንጎሉ ይፈጭና ቫይረሱ ፊኖል በሚባል ኬሚካል ይገደላል። ያ ድፍድፍ ነው ለሰው የሚወጋው። እንግዲህ አስቡት፤ በመርፌው ከሚገባው ውስጥ የሚፈለገው ቫይረስ ጥቂት ነው፣ አብዛኛው የበግ አንጎል ነው። ኃይሉ ደካማ ስለሆነ ደጋግሞ መወጋት ግድ ይላል። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። የበግ ነርቭ ሽፋን ፕሮቲን ከእኛው ነርቭ ሽፋን ጋር ስለሚመሳሰል፣ የአንዳንዱ ሰው ሰውነት የበጉን ሲዋጋ የራሱንም ነርቭ ማጥቃት ይጀምራል፤ ሽባ የሆኑ፣ የሞቱም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ይህን ዓይነቱን ክትባት እንዲተዉ ደጋግሞ አሳስቧል። እኛ አገር ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2010ዎቹ ድረስ ይመረትና ይሰጥ ነበር። በእኔ እምነት ያመረቱት ባለሙያዎች ሊመሰገኑ ይገባል፤ ሌላ አማራጭ ለማያገኘው ሰው ከሞት መትረፊያው እሱ ብቻ ነበር። ጉድለቱ አለመጥራቱ ነው። አዲሶቹ ክትባቶች በሴል ላይ የሚራቡና የሚጣሩ ናቸው።

ፕሮቲንን ማጥራት ለምን ይከብዳል? መጠኑን እንይ። የፓራሲታሞል ሞለኪውል ክብደቱ 151 ዳልተን ነው። ኢንሱሊን 5,800 ገደማ፣ ሰውነት ጀርሞችን የሚዋጋበት ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ 150,000 ያህል ይመዝናል። ፓራሲታሞልን በኬሚካል አብስሎ መሥራት ይቻላል። ፀረ እንግዳ አካልን ግን ሕይወት ያለው ሴል ነው የሚሠራው፤ ሴሉም ከሺህ ዓይነት የራሱ ፕሮቲኖች ጋር ቀላቅሎ ይሰጣችኋል። በዚያ ላይ ፕሮቲን ተጣጥፎ የተሠራ ነገር ነው። ሙቀት፣ አሲድ፣ ጠንከር ያለ መናጥ እንኳ እጥፋቱን ይፈታዋል። እጥፋቱ ከተፈታ መድኃኒትነቱ አበቃ።

ከኢንሱሊን ታሪክ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ቶሮንቶ ውስጥ ባንቲንግና ቤስት ከቆሽት የጨመቁት ውህድ ጥር 11 ቀን 1922 እ.ኤ.አ. ሊዮናርድ ቶምፕሰን ለተባለ የ14 ዓመት የስኳር ሕመምተኛ ልጅ ተሰጠ። ስኳሩ እምብዛም አልወረደም፣ የተወጋበት ቦታም መግል ያዘ። በቡድኑ ውስጥ የነበረው ባዮኬሚስት ጄምስ ኮሊፕ ሌት ተቀን በአልኮል ሲሞክር ቆየ። አልኮሉን በጥቂት በጥቂቱ ሲጨምር ሌሎቹ ፕሮቲኖች እየተንጓለሉ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ኢንሱሊን ግን ሟሙቶ ይቀራል። እነሱን አስወግዶ አልኮሉን ወደ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ሲያደርሰው በመጨረሻ ኢንሱሊኑም ይወርዳል። ምስጢሩ ያቺ ጠባብ ልዩነት ናት! ጥር 23 ቀን ለዚያው ልጅ የጠራው ተወጋ፤ ስኳሩ ወረደ፣ ልጁም ነፍስ ዘራ። በሁለቱ መርፌዎች መካከል ያለፉት 12 ቀናት ናቸው፤ የተለወጠው ንጽሕናው ብቻ ነው። ኮሊፕ በብዛት ላምርት ሲል ለሳምንታት አልሆን እንዳለውም ልንገራችሁ። በትንሽ ዕቃ የተሳካ ማጥራት በትልቅ በርሜል ሁልጊዜ አይደገምም፤ ይህ ችግር ዛሬም ፋብሪካዎችን እንቅልፍ ይነሳል።

አሁን አልኮሉ ብቻውን አይበቃም። ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ሙላቸው፣ በመጠናቸው፣ ከምን ጋር መጣበቅ እንደሚወዱ እያዩ ይለዩዋቸዋል። በመጠን መለየቱ ሁሌም ያስደንቀኛል። ረጅም የመስታወት ቱቦ በጥቃቅን እንክብሎች ይሞላል፤ እንክብሎቹ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ አላቸው። ድብልቁ ከላይ ሲፈስ ቀድሞ የሚወጣው ትልቁ ፕሮቲን ነው። ወንፊት ለለመደ ሰው ይህ ግራ ያጋባል፤ ትንሹ አልነበር የሚያልፈው? ከሲኒማ ራስ ወደ አንዋር መስጊድ የሚሄዱ ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንዱ ድርብ ፍራሽ ተሸክሟል፤ በጠባቧ መተላለፊያ ስለማይገባ በዋናው መንገድ ቀጥ ብሎ ይደርሳል። ባዶ እጁን ያለው ግን በየመደብሩና በየጉራንጉሩ እየገባ እየወጣ ዘግይቶ ይደርሳል። ትንሹም ፕሮቲን በየቀዳዳው እየገባ ነው የሚዘገየው። ለፀረ እንግዳ አካላት ደግሞ ፕሮቲን ኤ የሚባል አለ፤ ከስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ የተገኘ ነው። የፀረ እንግዳ አካሉን ጭራ ለይቶ ይይዛል፣ ሌላው ሁሉ ታጥቦ ይሄዳል፣ ከዚያ ለስለስ ያለ አሲድ ሲፈስበት የያዘውን ይለቃል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ትራስቱዙማብ የሚጠራው በዚህ መንገድ ነው።

ሙያው እኛ ዘንድ የለም እንዳትሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አማረ ገሠሠ ከአገራችን ሶዳማ ሐይቅ የተገኘ ባሲለስ ባክቴሪያ ይዘው፣ ሙቀትና አልካሊ የሚችሉ ሁለት ዛይላኔዝ ኢንዛይሞችን አጥርተው፣ አንዱ 23 ሺህ ሌላው 48 ሺህ ዳልተን መሆኑን ለክተው እ.ኤ.አ. በ1998 በታወቀ ዓለም አቀፍ መጽሔት አሳትመዋል። ከዚያ ቀደም ብለው በ1997 ባወጡት ጥናት ደግሞ ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም እንዲያመርት የመገቡት የኑግ ፋጉሎ ነበር! ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ ለከብት የሚሰጠው ያ ፋጉሎ። ኢንዛይሞቹ ለኢንዱስትሪ እንጂ ለሕክምና አይደሉም፤ ነገር ግን መለየቱ፣ መለካቱ፣ መፈተኑ ያው ነው። አገር ውስጥ የፕሮቲን መድኃኒት ይመረት ከተባለ መነሻው እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ ነው።

ጠራ የተባለው መጥራቱ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ ጄል ላይ በኤሌክትሪክ ይነዳል፣ ከዚያ በሰማያዊ ቀለም ይነከራል። አንድ መስመር ብቻ ከታየ ደስ ይላል፤ ብዙ መስመር ከታየ ወደ ሥራ መመለስ ነው። አንድ መስመር መታየቱ ግን እጥፋቱ ደህና ስለመሆኑ ምንም አይናገርም፤ የሞተ ፕሮቲንም በጄል ላይ ያምራል። ስለዚህ ሥራውን እንዲሠራ ማድረግና መለካት ያስፈልጋል። በኢንሱሊን ብልቃጥ ላይ የምታዩት «ዩኒት» የመጣው ከዚህ ነው። መጀመሪያ የተለካው በጥንቸል ነበር፤ የጥንቸሏን ስኳር እስከ ተወሰነ ደረጃ ምን ያህሉ ያወርደዋል ተብሎ።

በቤታችሁ ኢንሱሊን የሚወስድ እናት፣ አባት ወይም ልጅ ካለ ይህ ሁሉ ይመለከታችኋል። ያልተከፈተውን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ አስቀምጡት፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን በፍጹም አታስገቡት። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን መልኩ ደህና ቢመስልም እጥፋቱ ተጎድቷልና ጣሉት። ጥርት ብሎ መታየት ያለበት ዓይነት ከደፈረሰ አትውጉት፤ በተፈጥሮው ደፍራሽ የሆነውንም ሳትንጡ በመዳፋችሁ መካከል ቀስ ብላችሁ አንከባሉት። ስትገዙም ፋርማሲው ከፍሪጅ ሲያወጣው በዐይናችሁ እዩ፤ ፀሐይ ከሚመታው መደርደሪያ የተነሣ ከሆነ አትቀበሉ።