ዋልካውንም አስፋልቱንም የሚችል ሞተር

አንዲት ላም ኮርማ የምትፈልግበት ሰዓት አጭር ነው። ምልክቱን ጠዋት ያሳየች ላም ከሰዓት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ያሳየች ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ብትዳቀል የመፀነስ ዕድሏ የተሻለ ነው። በአገር በቀል ዝርያዎች ላይ ሰዓቱ ይበልጥ ያጥራል፤ አንዳንዴም ምልክቱ ሌሊት ታይቶ ሌሊቱን ያልፋል። ካመለጠ ቀጣዩ ዕድል የሚመጣው ከ21 ቀን ገደማ በኋላ ነው። አዳቃይ ቴክኒሻኑ ታዲያ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የተቀመጠውን የኮርማ አባለ ዘር ይዞ ከወረዳ ከተማ ይነሣል። ጥቂት አስፋልት፣ ብዙ ጠጠር፣ በመጨረሻም የከብት መንገድ አልፎ ከአርሶ አደሩ በረት መድረስ አለበት። በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በሞተር ሳይክል ግን ይደረሳል፤ ሞተሩ ለመንገዱ፣ ነጂውም ለሞተሩ የሚመጥኑ ከሆነ።

ችግሩ ይህን ሞተር የሚረከቡትም ሆነ ከኪሳቸው የሚገዙት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ነድተው የማያውቁ መሆናቸው ነው። በየቀበሌው የተመደቡት የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች፣ ክትባት ይዘው የሚዞሩት የእንስሳት ጤና ሠራተኞች፣ ሰሊጥ ወይም ሽንኩርት ሸጠው የመጀመሪያ ሞተራቸውን ለመግዛት ወደ ከተማ የሚወጡ ወጣት አርሶ አደሮች፣ ሁሉም ሱቅ ደጃፍ ሲደርሱ የሚያስቡት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ሲሲው ትልቅ፣ መልኩ ያማረ ይሁን።

ለጀማሪ ግን ትልቅ ሲሲ ጥቅሙ ከጉዳቱ ያነሰ ነው። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለው ሞተር አንድ ሰውና መጠነኛ ዕቃ ይዞ የገጠሩን መንገድ ይወጣል። ከዚያ በላይ ሲሆን ክብደቱ ይጨምራል፣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ነዳጅ ጨዋውም በሳሳ እጅ ሲያዝ ጭቃ ላይ ድንገት ይስፈነጠራል። ገጠር ውስጥ የሚነዳ ሰው ደግሞ መውደቁ አይቀርም። በዝግታ፣ ጭቃ ላይ ወይም ወንዝ ዳር ይወድቃል። እንግዲህ የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው፤ ሞተሩ መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ ነጂው ያለ ረዳት ብቻውን ሊያነሣው ይችላል ወይ? ካልቻለ ሞተሩ የእሱ አይደለም። ሻጩ ፊት ሞተር አስተኝቶ መሞከር ነውር ከመሰለ፣ ጠፍቶ ሳለ በእጅ እየገፉ ትንሽ ዳገት ማውጣትም ብዙ ይነግራል።

ሁለተኛው የእግር ነገር ነው። ለገጠር መንገድ የተሠሩ ሞተሮች ከመሬት ከፍ ስለሚሉ ወንበራቸውም ከፍ ይላል። ለምሳሌ የያማሃ ኤክስ ቲ ዜድ 125 ወንበር ከመሬት 840 ሚሊ ሜትር ከፍታ አለው። ረጅም ሰው አይቸገርም፤ ቁመቱ አጠር ያለ ነጂ ግን ድንጋያማ ዳገት ላይ ሞተሩ ቢጠፋበት እግሩ አየር ላይ ይቀራል። በቀበሌ ደረጃ ከሚሠሩት ባለሙያዎች መካከል ሴቶችም መኖራቸው እየታወቀ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ሞተር ሲገዛ ይህ መታሰብ አለበት። ሞተሩን ሲሞክሩ በሥራ ጫማ ተቀምጦ የሁለቱም እግር የፊት መዳፍ መሬት መንካቱን ማየት ይበቃል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከጎደለ የወንበሩን ስፖንጅ ማስቀነስ ይቻላል፤ ስፌት ቤት የሚሠራ ቀላል ሥራ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የአካባቢው አፈር ይመጣል። ክረምት ላይ የዋልካ አገር መንገድ ያየ ሰው የፊት ፓራፋንጎን ነገር ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ለከተማ የተሠራ ሞተር የፊት ፓራፋንጎው ከጎማው ጋር ተጠጋግቶ የተሠራ ነው። ዋልካው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ በመካከላቸው ይሞላና ጎማው ይታሰራል፤ ነጂው በየመቶ ሜትሩ እየወረደ በእንጨት ሲጎረጉር ይውላል። ለአስፋልትም ለገጠርም በተሠራው ዓይነት ግን ፓራፋንጎው ከጎማው ርቆ ከፍ ብሎ ስለተተከለ ጭቃው መውጫ አለው። አሞርዛተሩ ረጅም መሆኑ፣ ማርሚታው ወደ ላይ መነሣቱ፣ የፊት ጎማው ሰፋ ያለ ክብ መሆኑም ለዚሁ ነው። 21 ኢንች የሆነ የፊት ጎማ ድንጋይና ጉድጓድ ላይ ሲወጣ 17 ኢንች እንደሆነው አይደናቀፍም። ሆንዳ ኤክስ አር 150 ኤል በ19 ኢንች የፊት ጎማ መካከለኛውን መንገድ ይዟል፤ አስፋልት ለሚበዛበት ሰው ይህ ክፉ አይደለም።

ቸርኬው በራጅ የታሰረ ቢሆን ይመረጣል። በራጅ የታሰረ ቸርኬ ድንጋይ ሲመታው ይጎብጣል፤ የጎበጠውንም ብስክሌት የሚያቃና ሰው ሊያቃናው ይችላል። ወጥ ሆኖ የተቀለጠው ግን ከተሰነጠቀ ተሰነጠቀ ነው። በራጅ የታሰረው በካላማዳሪ ስለሚሠራ ማጣበቂያ፣ ጎማ መፍቻ ብረትና የእጅ ፓምፕ ከሞተሩ ጋር አብረው የሚገዙ እንጂ በኋላ የሚታሰቡ አይደሉም።

እንደ ቦክሰር ያሉት የመንገድ ሞተሮች በገጠሩም በብዛት ይታያሉ። ምክንያትም አላቸው፤ ወንበራቸው ዝቅ ይላል፣ መለዋወጫቸው በቅርብ ይገኛል፣ ቤንዚን ይቆጥባሉ። የጠጠር መንገድ ብቻ ላለበት፣ ክረምትም ወደ ዋልካ ለማይገባ ሰው እነሱን መግዛት ስሕተት አይሆንም።

የደጋ ሰው አንድ ተጨማሪ ሒሳብ አለው። አየር ከፍታ ላይ ስለሚሳሳ፣ በየ1 ሺህ ሜትሩ የሞተር ጉልበት በግምት 10 በመቶ ይቀንሳል። መተማ ላይ ዳገት የሚዘል ሞተር ደብረ ብርሃን ወይም ደባርቅ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን አጥቶ ይገኛል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ደግሞ ለቆላ ተስተካክሎ ከሆነ ደጋ ላይ ቤንዚን በዝቶበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። መካኒክ የካርቡራተሩን ጂግለር በአነስተኛ ቢለውጠው ይስተካከላል። እንግዲህ መንዝ ወይም ጋይንት ለሚሠራ ሰው 100 ሲሲ ሊያንሰው ይችላል፤ 125 ወይም 150 ማየቱ ተገቢ ነው።

ስለ ሁለት ምትና አራት ምት ሞተር የሚነሣው ክርክር የቆየ ነው። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያሉት ሁለት ምት ሞተሮች በፕሮጀክቶችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አማካይነት ገጠሩን ለዓመታት አገልግለዋል። ቀላል ናቸው፣ ዳገት ላይ ይፈጥናሉ፣ የሚፈታ አካላቸውም ጥቂት ነው። ነገር ግን የሚቃጠል ዘይት ይፈልጋሉ። ዘይቱ ለብቻው በሚቀመጥበት ዓይነት ጋን ውስጥ ማለቁን ያላየ ነጂ ሞተሩን ያስበላል፤ ፒስተኑ ይነክሳል። ረጅም ቁልቁለት ላይም ነዳጅ ሲዘጋ የሞተሩ የመያዝ ጉልበት ደካማ ነው፤ ቅባቱም ይቀንሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እንደሚወርደው ባለ መንገድ ጀማሪው ሁሉንም ሥራ ፍሬን ላይ ይጥላል፣ ፍሬኑም ይግላል። አራት ምት ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ ሲወርድ ራሱን ይዞ ይወርዳል። ቤንዚን በጄሪካን በሚገዛበት ወረዳ ደግሞ አራት ምቱ በቁጠባው ይመረጣል። ለአዲስ ነጂ አራት ምቱ ያመዝናል።

ከሁሉ ለግብርና ሥራ ታስቦ የተሠራው የያማሃ ኤጂ ዓይነት ነው፤ ስሙም ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው። ኤጂ 100 ሁለት ምት፣ ኤጂ 200 አራት ምት ነው። መልኩ አያምርም፤ ወጣቶችም በዚህ ይሸሹታል። ካቴናው ግን እንደሌሎቹ የተጋለጠ ሳይሆን በሽፋን ውስጥ ስለሆነ ጭቃና አቧራ አይበላውም። የጎን ማቆሚያው በግራም በቀኝም ስለሆነ ተዳፋት ላይ እንደ መሬቱ ሁኔታ ማቆም ይቻላል። የዕቃ መጫኛና የእግር መከላከያ ብረት ከፋብሪካው ይዞ ይመጣል። ሁለተኛ እጅ ሆኖ በደህና ሁኔታ ከተገኘ ጀማሪ ሊንቀው የማይገባ ሞተር ነው።

ጭነትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክብደቱን እንጂ ቦታውን ባለማሰብ ነው። 50 ኪሎ የማዳበሪያ ጆንያ ከኋላ ጎማ አልፎ ከታሰረ ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይቀልና ማኑብሪዮው አልታዘዝ ይላል። ከባዱ ዕቃ ወደ ነጂው ጀርባ ተጠግቶ፣ ዝቅ ብሎ መታሰር አለበት። የናይትሮጅን ዕቃው ቀጥ ብሎ መቆም ስላለበት በስፖንጅ በተደገፈ ሣጥን ውስጥ ቢገባ ይሻላል፤ ክዳኑንም አጥብቆ መድፈን አይገባም፣ ጋዙ መውጫ ያስፈልገዋልና። ስለ ጋቢም እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። ከኋላ የተፈናጠጠ ሰው ጋቢ ወይም ነጠላ በካቴናው ሲጠለፍ ሁለቱንም ይጥላል። ተጠቅልሎ መታሰር ወይም መውለቅ አለበት።

ከገንዘቡ ለሄልሜት የሚሆነውን አስቀድሞ ለይቶ ማስቀመጥ ያሻል። በአግባቡ የተደረገና የታሰረ ሄልሜት የነጂን የሞት አደጋ በ40 በመቶ ገደማ፣ ከባድ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ70 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶችን ያሰባሰቡ ግምገማዎች ያሳያሉ። ማኑብሪዮ ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ግን ማንንም አያድንም።

ሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቢደርስ ይመረጣል። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ የመነሣት ችግሩ ይደበቃል። ከኋላ የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ አራት ምት ሞተር ላይ ዘይት እየበላ ለመሆኑ ምልክት ነው። የፊት ሹካውን ይዞ ወደፊትና ወደኋላ መነቅነቅ፣ የካቴናውን ጥርስ ማየት፣ ቸርኬውን አንሥቶ ማሽከርከር ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ከዚያ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይነጻጸር። በተለይ ከፕሮጀክት የወጣ ሞተር ከቀረጥ ነፃ የገባ ሊሆን ይችላል። ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም፤ በርካሽ የተገዛውም ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ሰሌዳ ያለው ሞተር ሁሉ በሕግ መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው፤ ነጂውም የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ።

ከግዢው በፊት አንድ ጥያቄ ለወረዳው መካኒክ ቢቀርብ አይከፋም። የዚህን ሞተር የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴናና ካንዴላ እዚሁ ታገኛለህ ወይስ ባሕር ዳር ድረስ መላክ ሊኖርብን ነው? መልሱ «እዚሁ» ከሆነ በሲሲ አንሶ ወይም በመልክ ተበልጦ የነበረው ሞተር ወደፊት ይወጣል።

አዲሱ ነጂ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባዶ ሜዳ ላይ፣ ከዚያ ደረቅ ጠጠር ላይ፣ ያለ ጭነትና ያለ ተፈናጣጭ ቢያሳልፍ ይበጀዋል። ጠጠር ላይ የፊት ፍሬንን በሁለት ጣት ማስለመድ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ነፃ አለማድረግ፣ ጉድጓድ ሲመጣ ከወንበር ብድግ ብሎ በእግር መቆም የሚለመዱት ያኔ ነው። ሞተሩ አዲስ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው የዘይት ቅያሪ በአብዛኛው 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ለሚዞር ባለሙያ ይህ ወር ከጥቂት ቀናት ነው፤ ዘይቱን ከሞተሩ ጋር አብሮ ገዝቶ ማስቀመጥ ይቻላል።