«ፉይ» እና «ነበር»

ስፓኒሽ ስማር ከሁሉ ያደከመኝ «ኢር»፣ ማለትም «መሄድ» የሚለው ግሥ ነው። ከሦስት የላቲን ግሦች የተገጣጠመ ስለሆነ መልኩን ይለዋውጣል። የአሁኑን ጊዜ «ቦይ፣ ባስ፣ ባ፣ ባሞስ፣ ባይስ፣ ባን» በቃል ከመያዝ ሌላ መላ የለውም።

ጉዱ ያለው ኃላፊው ጊዜ ላይ ነው። «ፉይ» ሄድኩ ማለት ሲሆን፣ «ሴር» (መሆን) የተባለው ግሥም ይህንኑ ቃል ይጋራል። «ፉይ አ ማድሪድ» ማድሪድ ሄድኩ፤ «ፉይ ማኤስትሮ» ግን መምህር ነበርኩ። ፍቺውን የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ነው።

በዚህ የሚስቅ ወገኔ እስቲ ወደ ራሱ ቋንቋ ይመልከት፤ «መምህር ነው» እና «ቤት አለ» በኃላፊ ጊዜ ሁለቱም «ነበር» ይሆናሉ። እዚህ ተወልዳ አማርኛ የከበዳት ልጄ «ለምን አንድ ቃል ለሁለት?» ብላ ስትሞግተኝ፣ ትምህርት ቤት በተማረችው «ፉይ» አስረዳኋት።