ስሜት ስንት ነጥብ ያገኛል?

ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ስመረምር ወላጆች ስለ ንግግርና ስለ ትምህርት ጠይቀው ሲያበቁ፣ አንዳንዴ በሩ ላይ ደርሰው ዞር ብለው፣ «የሰው ስሜት ይገባዋል?» ይሉኛል። መልሱን ከስሜታዊ ብልህነት መለኪያው ይጠብቃሉ። መለኪያው ግን ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው።

ከሁሉም የታወቀውን እንውሰድ። ሳይመን ባረን-ኮኸንና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. አሻሽለው ያወጡት የዓይን ፈተና ለአዋቂዎች 36፣ ለልጆች 28 ፎቶግራፎች አሉት። የሚታየው ዓይንና አካባቢው ብቻ ነው፤ ተፈታኙ ከአራት ቃላት አንዱን ይመርጣል። ፎቶው አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም፤ ሰውየው ምን እንደገጠመው አይታወቅም። ብዙ ቃል የማያውቅ ልጅ ስሜቱ ቢገባውም ይወድቃል። ደግሞስ በእኛ ቤት ታላቁን ዓይን ዓይኑን የሚያይ ልጅ ይቆጡት የለ? አንገቱን እንዲደፋ አሳድገን ስናበቃ ዓይን አላነበበም ብለን ነጥብ እንቀንስበታለን።

መጠይቆቹም ጣጣ አላቸው። ወጣቱ ስሜቱን ለሰው መግለጽ ይቀለው እንደሆነ ራሱን ይጠይቁታል። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ግን የራሳቸውን ስሜት ለይተው ለመናገር ይቸገራሉ። አሌክሲታይሚያ ይሉታል፤ ኦቲዝም በሌለባቸውም ሰዎች ላይ ይታያል። ውጤቱ ዝቅ ሲል ከየትኛው የመጣ እንደሆነ ቁጥሩ አይነግረኝም።

የአንድ የ14 ዓመት ልጅ እናት በመጠይቁ የሌላውን ስሜት ይረዳ እንደሆነ ለሚጠይቀው ጥያቄ «ፈጽሞ» ላይ ምልክት አደረጉ። ወረቀቱን ሰብስቤ ወግ ስንጀምር ግን፣ ያለ ቴሌቪዥን ድምፅ መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ አባቱ የታመሙ ሰሞን ድምፁን ራሱ አጥፍቶ፣ የመኝታ ቤቱን በር ሲያይ ይውል እንደነበር አጫወቱኝ። «አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይማርህ አላለውም» ብለው አከሉ፤ ቅሬታቸው ይህ ነበር። የቴሌቪዥኑን ነገር የሚጠይቅ መጠይቅ አላየሁም።

ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ምሁር ዴሚየን ሚልተን በ2012 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው፤ ኦቲዝም የሌለብን እኛም እነሱን ማንበብ ይሳነናል። እኛን የሚፈትን ወረቀት ግን ጠረጴዛዬ ላይ የለም።

ትምህርት ቤቶች ቁጥር ይጠይቃሉ፤ እጽፋለሁ። ከሥሩ ልጁ ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ፣ ከመጮኹ በፊት እጁ ምን እንደሚነካካ፣ ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም ምን እንደሚለውጥ ከቤተሰቡ ሰምቼ አንድ ገጽ አያይዛለሁ። ቁጥሩን ርዕሰ መምህሩ ፋይል ውስጥ ያስቀምጡታል። መምህሯ ደውላ የምትጠይቀኝ ስለ ገጹ ነው።