ባሕር መርዝን አያጥብም

መርዛማ ፍሳሽ የሚለቁ ፋብሪካዎች ዘወትር የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ፦ ውሃው ሰፊ ነውና መርዙ ሳስቶ ይጠፋል። ሚናማታ የተባለችው የጃፓን የወደብ ከተማ ይህ ስሌት ሐሰት መሆኑን በሕዝቧ ጤና ከፍላ አስመስክራለች። የቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ አሴታልዲሃይድ የተባለ ኬሚካል ሲያመርት ሜርኩሪን ለማፋጠኛነት ይጠቀም ነበር። በሂደቱ የሚፈጠረው ሜቲል ሜርኩሪም ከፍሳሹ ጋር ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገባ ነበር። ውሃው ውስጥ መጠኑ ኢምንት ነው። ነገር ግን ከሕያዋን አካል ቶሎ ስለማይወጣ፣ ትንሹ ዓሣ ያጠራቀመውን ትልቁ እየወረሰ ክምችቱ ደረጃ በደረጃ ይንራል። ባሕሩ ያሳሳውን መርዝ የምግብ ሰንሰለቱ መልሶ ይሰበስበዋል፤ የመጨረሻው ተቀባይም ዕለት ዕለት ዓሣ የሚመገበው የአጥማጁ ቤተሰብ ነው። መርዙ አንጎል ሲደርስ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ አካሄድ ይንገዳገዳል፣ ዕይታ ይጠብባል፣ አንደበት ይተሳሰራል። በእንግዴ ልጅም አልፎ ፅንስ ስለሚጎዳ፣ እምብዛም ያልታመሙ እናቶች ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናትን ወልደዋል።

በሽታው በ1956 በይፋ ቢታወቅም ፋብሪካው ያንን ምርት ያቆመው በ1968 ነው። ለመዘግየቱ የተሰጠው ምክንያት የማስረጃ አለመሟላት ነበር። እርግጥ ነው፣ ተመራማሪዎች መጀመሪያ የጠረጠሩት ማንጋኒዝን፣ ሴሌኒየምንና ታሊየምን ነበር። ሆኖም ሰውን ከጉዳት ለማዳን የመርዙን ስም ማወቅ ግድ አይደለም፤ ሕመሙ ከባሕረ ሰላጤው ዓሣ መምጣቱ ገና በ1956 ማብቂያ ተጠርጥሮ ነበር። በ1957 የአካባቢው አስተዳደር ዓሣው እንዳይሸጥ ለማገድ ሲጠይቅ፣ የጤና ሚኒስቴር ዓሣው ሁሉ ስለመመረዙ ግልጽ ማስረጃ የለም ብሎ መለሰ። በ1958 ፍሳሹ ወደ ከተማዋ ወንዝ አፍ ሲዞር በዚያ በኩል አዳዲስ ሕሙማን ታዩ። በ1959 የኩባንያው ሐኪም ፍሳሹን ያበላት ድመት ያንኑ ሕመም ታመመች፤ ውጤቱ ግን ተደበቀ። እንግዲህ የጎደለው ማስረጃ ሳይሆን ማስረጃውን የመቀበል ፈቃድ ነው። በ1965 በኒጋታ ግዛት፣ ተመሳሳይ ፋብሪካ ባለበት ወንዝ ዳር፣ ያው በሽታ ተደገመ።

ፋብሪካው የከተማዋ እንጀራ ነበር የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ብዙ ቤተሰብ በደመወዙ ይኖር ነበር። ይሁን እንጂ ትርፉ ሲሰላ የአጥማጆቹ ኪሳራ ከሒሳቡ ውጭ ቀርቷል። ኋላ ላይ በባሕሩ ወለል ያለውን 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የተበከለ ደለል መጥረግ ወይም በዚያው መቅበር ግድ ሆነ፤ ሥራው ከ1977 እስከ 1990 ወስዷል። ለተጎጂዎች የሚከፈለው ካሣም ለአሥርተ ዓመታት ቀጥሏል። ስለዚህ ፍሳሹ ጉዳት እንደሌለው የማስረዳት ሸክም መጫን ያለበት በሚለቀው ላይ ነው። የታመመው ሰው መታመሙን እስኪያረጋግጥ ይጠበቅ ማለት፣ ምርመራውን በሰው ገላ ላይ ማካሄድ ነው።