ጠቢብና ጠይብ፦ የእጅ ሞያና የሥራ እርካታ ከኤቨረት ፋብሪካ አኳያ

ከሲያትል በስተ ሰሜን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኤቨረት ከተማ፣ የቦይንግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ያስጀመረው የአውሮፕላን መገጣጠሚያ ፋብሪካ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው 747 የተሠራው እዚህ ነው። 13.3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ሕንፃ በይዘቱ ከዓለም የሚስተካከለው የለም። በዚህ ፋብሪካ ከሚሠሩት መካከል ወገኖቻችንም አሉበት። በለቅሶም ሆነ በሠርግ ተገናኝተን ሥራቸውን ስንጠይቅ «ቦይንግ ነኝ» ይላሉ እንጂ በእጃቸው ምን እንደሚሠሩ አይናገሩም፤ ጠያቂውም ከዚያ አልፎ አይጠይቅም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር የምንሞክረው ይህንን ዝምታ ነው።

ዝምታው አገር ቤት የተወለደ ነው። እንደሚታወቀው ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ሸማውን የሚሸምነው፣ ቆዳውን የሚፍቀው፣ እንስራውን የምትሠራው ባለእጅ ለረጅም ዘመን በብዙ ስፍራ ሲናቅ ኖሯል። ያለ እነርሱ የሚቆም ቤት አልነበረም፤ ሆኖም «ቡዳ» ተብለው በብዙ ስፍራ ጋብቻና ርስት ተነፍገዋል። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1867 ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ባለሞያዎች ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ፣ መድፉም ወደ መቅደላ ሲጎተት በመንገድ ሥራው ላይ በገዛ እጃቸው ይደክሙ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ የበሽታውን ጥልቀት ያሳያል። ከሁሉ የሚደንቀን ግን ቋንቋችን ነው፤ የተማረውን «ጠቢብ» ያልንበት ቃል፣ ብረት ቀጥቃጩን ለመዝለፍ «ጠይብ» ሆኗል። ሥሩ አንድ ሲሆን አንዱ ወደ ክብር፣ ሌላው ወደ ስድብ ሄደ። እኛ ዲግሪ ይዘን የተሰደድንም ይህን ክፍፍል በሻንጣችን ይዘነው መጥተናል።

እንግዲህ በእጅ ሥራ ውስጥ ያለው እርካታ ምንድን ነው? የአሉሚኒየም አካል ያለውን አውሮፕላን እንመልከት። ሁለት ገጾችን የሚያያይዘውን ሪቬት በተለመደው መንገድ የሚመቱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከውጭ በአየር ኃይል በሚሠራ መዶሻ ይመታል፣ ሌላው ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል። የያዘው ቢያጋድልበት የሪቬቱ ጫፍ ይጣመማል፤ መቺው ቢያበዛው ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በብዙ ሁኔታ ስለማይተያዩ የሚግባቡት በምት ምልክት ነው። መለኪያው በወረቀት የተጻፈ ቢሆንም፣ የሠለጠነ ሰው መልካሙን ምት ከመለኪያው በፊት በድምፁና በመዳፉ ንዝረት ያውቀዋል። የሥራው መልካምነት ወዲያው ስለሚታይ የአለቃ ምስጋና አይጠበቅም። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ፍልስፍና የተመረቀው፣ በኋላም የሞተር ብስክሌት መጠገኛ የከፈተው አሜሪካዊው ማቲው ክሮፈርድ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ የተከራከረው ለዚሁ ነው፤ ይኸውም ጥገና ራሱ ማሰብ እንደሆነ፣ ሞተሩም ተነሣ አልተነሣ የሚለው ፍርድ በአንደበት እንደማይሸፈን ነው። (ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ለጉባኤ ሰዎች ደስ የሚያሰኝ አይደለም።)

ይሁን እንጂ እጅ የነካው ሥራ ሁሉ ያረካል ማለታችን አይደለም። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 የሥራ ክፍፍል ምርትን እንዴት እንደሚያበዛ በመርፌ ቁልፍ ሥራ ምሳሌ ያስረዳበት መጽሐፍ፣ ዕድሜውን በጥቂት እንቅስቃሴዎች የሚጨርስ ሠራተኛ አእምሮው እንደሚደነዝዝም አስጠንቅቋል። ሠራተኛው ከፍርዱ ሲነጠል እርካታው ብቻ ሳይሆን ሥራውም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ፣ በቦይንግ የሬንተን ፋብሪካ የተገጣጠመ የአላስካ አየር መንገድ አውሮፕላን በበረራ ላይ ሳለ የበር መድፈኛው ተገንጥሎ ወደቀ። መርማሪዎች እንደደረሱበት፣ ለሪቬት ጥገና ተብሎ መድፈኛው ሲከፈት የተነሡት አራት ብሎኖች ተመልሰው አልገቡም ነበር፤ ጥፋቱንም ያያያዙት ኩባንያው በቂ ሥልጠና፣ መመሪያና ቁጥጥር ካለመስጠቱ ጋር ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ያለቁበት የአየር መንገዳችን አደጋ የተለየ ነው፤ የዚያ ምርመራ በዋናነት ያመለከተው ወደ በረራ መቆጣጠሪያ ሥርዐቱ ንድፍ ነው።

እርካታ ደግሞ ደመወዝን አይተካም። እ.ኤ.አ. በ2024 መስከረም ሥራ ያቆሙት 33 ሺህ ያህል የቦይንግ ሠራተኞች ከሰባት ሳምንት በኋላ የተመለሱት በአራት ዓመት የሚከፈል 38 በመቶ ጭማሪ አግኝተው ነው፤ የጠየቁት የቀድሞ የጡረታ ሥርዐት ግን አልተመለሰላቸውም። ሞያውን የሚያፈቅር ሰው በርካሽ ይሠራል የሚለው አስተሳሰብ፣ ባለእጅን ከመናቅ እምብዛም አይርቅም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1984 የመጀመሪያዎቹን 767 አውሮፕላኖች፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ደግሞ በአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነውን 787 የተረከበው ከዚሁ ከኤቨረት ነው። የ787 ግጥሚያ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ሳውዝ ካሮላይና ተጠቃሏል። ቀደም ሲል ከኤቨረት የወጡት ግን ለጥገና ቦሌ ሲገቡ፣ ሽፋናቸውን የሚከፍተው ባለሞያ በመብራቱ ብርሃን መገጣጠሚያውን እያንዳንዱን ይመረምራል። ማን እንደሠራው አያውቅም፤ እንዴት እንደተሠራ ግን ያያል።