የሁለት ቀን ዕረፍትና ድንገት የሚገኝ መንገድ

በጂቡቲ ከተማ፥ በበልበላ ክፍል፥ ሆዳን በሚባለው ሠፈር ለሚኖሩና ለሥራ ተመድበው ለሚመጡ ወገኖቻችን ይጠቅም ዘንድ፥ አጭሩን የዕረፍት ቀን በመንገድ ስለ ማሳለፍና ሳይታሰብ የሚገኘውን የጉዞ ዕድል ስለ መቀበል ጥቂት ለመግለጽ እንሞክራለን። ከዚህ በታች ወራቱን በእኛ፥ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል። ሆዳን በሶማልኛ ሀብት ማለት ነው፤ ለአማርኛ ጆሮ ግን ሆድን ስለሚያስታውስ አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ሳይስቅ አይቀርም።

በዚህ አገር የሥራው ሳምንት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ሲሆን፥ ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን እነዚህን ሁለት ቀኖች የምናሳልፈው ዓርብ እስከ ረፋድ ተኝተን፥ ልብስ አጥበን፥ በቀትር ጫቱ ከሐረርጌ ሲደርስ ከባልንጀራ ጋራ ተቀምጠን፥ ሲመሽ ወደ ቤተ ሰብ ስልክ ደውለን ነው። ቅዳሜም እንዲሁ ያልፋል። ይህን ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ ሲሠራ የሰነበተ ሰው ማረፍ ይገባዋልና። ነገር ግን ሁለት ዓመት በዚህ የኖረ ሰው ከሁለት መቶ የሚበልጥ የዕረፍት ቀን አግኝቶ፥ ወደ አገሩ ሲመለስ ከወደቡና ከፒኬ 12 የከባድ መኪና መቆሚያ በቀር ያየሁት የለም ቢል፥ ሁለት ዓመት ሙሉ ጊዜ አጣሁ ለማለት አይችልም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ራሱ ከእነዚህ አንዱ ነበረ። በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፥ በኅዳር ወር፥ በአንድ ሐሙስ ማታ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ስልክ ደወለና «ነገ ሌሊት በ10 ሰዓት ወደ አቤ ሐይቅ እንሄዳለን፤ አንድ ቦታ ተርፏል፤ ትመጣለህ ወይ?» አለኝ። ፓስፖርቴ ለመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ በቢሮ ነበረ፤ ኮፒውንም አላስቀረሁም። ጫማዬ ለከተማ እንጂ ለድንጋይ የሚሆን አልነበረም። በቤቴ ያለው ውሃ አንድ ጠርሙስ ነበር። ስለዚህ «ሌላ ጊዜ» ብዬ መለስሁ። ያ ሌላ ጊዜ የመጣው ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው፤ ጋባዤም በዚያን ጊዜ ተዛውሮ ሄዶ ነበር። የነገሩን ፍጻሜ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ከዚህ የተማርሁት፥ ሰው ድንገተኛ መንገድ የሚያመልጠው ቀን አጥቶ ሳይሆን፥ በሐሙስ ማታ መዘጋጀት የሚገባውን በሰኞ ስላላዘጋጀ መሆኑን ነው። ድንገት የሚነሣ የሚመስለው መንገደኛ ከሁሉ ይልቅ አስቀድሞ የተሰናዳው ነው። ይኸውም ብዙ ድካም የሚጠይቅ አይደለም። በበሩ አጠገብ አንድ ከረጢት ይሰቀላል፤ በውስጡም የፓስፖርትና የመኖሪያ ወረቀት ኮፒ፥ ባርኔጣ፥ ነጠላ ወይም ሽርጥ፥ የእጅ ባትሪ፥ ቴምርና በሶ፥ በአነስተኛ ኖት የተዘረዘረ የጂቡቲ ፍራንክ ይኖራል። ከከተማ ውጭ ትልቅ ኖት የሚዘረዝር አይገኝምና ይህ የመጨረሻው ቀላል መስሎ አይታይ። በመንገድ ላይ የጸጥታ አስከባሪዎች መታወቂያ ስለሚጠይቁ ዋናውን ወረቀት የያዘ ሰው ደግሞ ከኮፒ ይልቅ ዋናውን ይያዝ። ከከረጢቱ አጠገብ ሁልጊዜ የተሞላ ባለ አምስት ሊትር የውሃ ጀሪካን ይቀመጣል፤ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ከዚህ ያነሰ ውሃ ይዞ ከአስፋልት መውጣት አይገባም። በየሳምንቱም ውሃውን መለወጥ ነው እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።

አገሩ ራሱ ለአጭር ጉዞ የተመቸ ነው። ስፋቱ 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በማለዳ ተነሥቶ ሲመሽ የማይመለሱበት ስፍራ ጥቂት ነው። ሆዳን ደግሞ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስላለ፥ ከዚህ የሚነሣ ሰው የአምቡሊን ድልድይ ሳይሻገር በከተማው ጭንቅንቅም ሳይገባ ወደ ዋናው መንገድ ለመውጣት ይችላል። የመሐል ከተማ ሰዎች ይህን ሠፈር በአቧራውና በቆርቆሮው ብቻ ያውቁታል፤ በዚህ ነገር ግን እኛ እንቀድማቸዋለን።

ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሰው በዶራሌ በኩል አድርጎ ወደ ኾር አምባዶ የባሕር ዳርቻ ቢወርድ ይበቃዋል፤ ከከተማው ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሙቀት ያስመረረው ደግሞ ወደ አርታ ይውጣ። አርታ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች ነፋሷ ቀዝቃዛ ነው፤ ሚኒባስም ይገኛል። የደጋ ሰው ሆኖ ለብዙ ወራት በላብ የሰነበተ በአርታ አንድ ማታ ጋቢ ቢደርብ የሚያገኘውን ደስታ መግለጽ ያስቸግራል። ከአርታ በታች ባለው ባሕር ከኅዳር እስከ ጥር በአካሉ ዓሣ ነባሪን የሚያህል፥ ሰውን ግን የማይነካ ሻርክ ይመጣል፤ በጀልባ ወጥተው ያዩታል። ዋና የማያውቅ ሰው ከጀልባው ሳይወርድ ይመልከት።

አንድ ሙሉ ቀን ያለው ሰው ግን አሳል ሐይቅን ሳያይ ከዚህ አገር መሄድ የለበትም ብዬ አምናለሁ። ሐይቁ ከከተማው በመንገድ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው አውራ ጐዳና ከከባድ መኪኖቻችን ጋራ ተያይዞ ከተሄደ በኋላ፥ በ51ኛው ኪሎ ሜትር ወደ ቀኝ መታጠፍ ነው። በከባዶቹ መኪኖች መካከል ማለፍ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ፥ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወይም 10 ተኩል የተነሣ ሰው ብዙ ይጠቀማል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የጉቤትን ባሕረ ሰላጤ በቀኝ እያሳየ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ይወርዳል። ይህ ድንጋይ በከፊል አዲስ ነው፤ በ1978 አርዱኮባ የተባለው ስፍራ ፈንድቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ሲፈስ፥ መሬቱም በዚያው ጊዜ አንድ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ ሰፍቷል። በእኛ ዕድሜ ምድር ስትሰፋ የታየችበትን ስፍራ በእግር ለመርገጥ ከሆዳን ሁለት ሰዓት መንገድ ብቻ ይበቃል ማለት ነው።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለ፥ በአፍሪካ ካለው ምድር ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ውሃው ከባሕር ውሃ ዐሥር እጅ ያህል ጨዋማ ስለ ሆነ የገባበትን ሰው ያንሳፍፈዋል፤ ነገር ግን ቁስል ያለበት ሰው አይግባ፥ የገባም በኋላ የሚታጠብበት ጣፋጭ ውሃ ለብቻ ይያዝ። በዳርቻው ያለው ጨው እንደ በረዶ ነጭ ነው። ከዚህ የተቈረጠ ጨው በአፋር ነጋዴዎች ግመል ተጭኖ እስከ ሸዋ ይወጣ እንደ ነበረ ሲያስቡ፥ ዛሬ እኛ በሁለት ሰዓት የምንወርደውን መንገድ በሳምንታት የወጡትን ሰዎች ማድነቅ ይገባል። ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት፥ ማለትም ከረፋዱ 4 ሰዓት ሳይሞላ፥ ከሐይቁ መነሣት ያስፈልጋል፤ ጥላ የሚባል ነገር የለምና።

የባሕሩን መንገድ ለሚወድ ሰው ታጁራ አለች። ከከተማው ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ መርከብ ይሻገራል፤ የሚነሣበት ቀንና ሰዓት ስለሚለዋወጥ በሐሙስ ቀን ወደብ ላይ መጠየቅ ይሻላል። ታጁራ ነጫጭ ቤቶችና ብዙ መስጊዶች ያሏት ጥንታዊት የንግድ ከተማ ናት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ በ1885 መጨረሻ ታጁራ በደረሰ ጊዜ፥ ቶሎ እነሣለሁ ብሎ አስቦ፥ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀር ድረስ በዚያ ተቀመጠ። ከዚህ የተነሣ ታጁራ ላይ መርከብ አምልጦት አንድ ሌሊት የሚያድር ሰው ብዙ ባያዝን መልካም ነው። ሙሻና ማስካሊ የተባሉት ደሴቶች ደግሞ በጀልባ ቅርብ ናቸው፤ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ኪራዩ ስለሚከብድ ከአምስት ወይም ከስድስት ሰው ጋራ መተባበር ያስፈልጋል።

ስለ ባቡሩም ብዙ ሰው ይጠይቀናል። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ሐዲድ ከቀረ በኋላ፥ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 በኢትዮጵያ፥ በ2017 መጀመሪያም በጂቡቲ በኩል ተመርቋል። ከናጋድ ጣቢያ በአሊ ሳቢዬ በኩል ወደ ድሬዳዋ ይወስዳል። ሆኖም የመንገደኛው ባቡር በየቀኑ የማይነሣ ስለ ሆነ፥ ዓርብ ሄዶ ቅዳሜ ለመመለስ ማሰብ ብዙ ጊዜ አይሳካም። የድሬዳዋን ጉዞ ለበዓል ማቈየት ይሻላል።

አሁን ደግሞ ድንገተኛውን ግብዣ እንቢ ማለት የሚገባበት ጊዜ እንዳለ መናገር ግዴታችን ነው። ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም ድረስ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ኸምሲን የሚባለውም ነፋስ አሸዋ ይዞ ይነፍሳል። በእነዚህ ወራት ከአርታና ከዳይ ደን በቀር ሌላውን መተው ነው። ዳይ በጎዳ ተራራ ላይ ያለ የጥድ ደን ሲሆን፥ በዓለም ላይ በዚህ አገር ብቻ የምትገኝ አንዲት የቆቅ ዓይነት አለችበት። በረመዳንም ወራት በገጠሩ በቀን ምግብ የሚሸጥ ስለማይገኝ፥ የሚሄድ ሰው ስንቁን ይዞ፥ በሚጾሙ ሰዎች ፊት ሳይበላ፥ በአክብሮት ይጓዝ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ መኪና ብቻ ወደ አቤ ሐይቅ ይሄዳል ሲባል የሰማ ሰው፥ ወንበሩ በነጻ ቢሆንም እንኳ፥ አይቀመጥበት። ይህን የምለው አይቼ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት በነበርንበት ጊዜ መምህራችን አዋሽን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስሉ፥ ጠመኔው ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ፥ ቆቃን አልፎ፥ በአፋር በረሃ ውስጥ ባሕር ሳይደርስ ይቆም ነበር። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ወንዝ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። አባቴ በጊንጪ በኩል ገበሬ ነበረ፤ አዋሽን በልጅነቱ በእግሩ የሚሻገረው ትንሽ ፈሳሽ አድርጎ ነው የሚያውቀው። ወደ ጂቡቲ መመደቤን በነገርሁት ጊዜ «እንግዲያማ ውሃችን የሚያልቅበትን ታየዋለህ፤ አይተህ ንገረኝ» አለኝ። ያንን የኅዳሩን ግብዣ እንቢ ባልሁ በአምስተኛው ወር፥ በሚያዝያ፥ አባቴ ዐረፈ።

በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወር ሌላ ስልክ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ከረጢቱ ተሰቅሎ ነበር። በሁለት መኪና ሆነን በዲኪልና በአስ ኤይላ በኩል ሄድን። ከአስ ኤይላ በኋላ መንገዱ የጎማ ዱካ ብቻ ስለ ሆነ የአገሩን ሰው መሪ አድርጎ መያዝ ግድ ነው፤ እኛም አንድ የአፋር ሽማግሌ ይዘን ነበር። ወደ ሐይቁ ስንቀርብ ሽማግሌው በእጁ እያመለከተ ከዚህ አትለፉ ቢል፥ የፊተኛው መኪና ነጂ መሬቱ የደረቀ መስሎት ዐሥር ሜትር ያህል አለፈ። ላዩ ቅርፊት፥ ታቹ ጭቃ ነበር፤ መኪናው እስከ መጥረቢያው ድረስ ሰጠመ። በሁለተኛው መኪናና በገመድ እስክናወጣው አራት ሰዓት ፈጀ፤ ከያዝነውም ውሃ ግማሹ አለቀ። ሁለተኛ መኪና ባይኖር ኖሮ ከዚያ እስከ አስ ኤይላ በእግር ማን ይሄድ እንደ ነበረ ዛሬም አስባለሁ።

ሲነጋ ኀምሳ ሜትር የሚደርሱት የኖራ ድንጋይ ዐምዶች እንፋሎት ሲያወጡ፥ ፍየሎች በመካከላቸው ሲሰማሩ አየን። ወንዙ የሚገባው በማዶ፥ በኢትዮጵያ በኩል ስለ ሆነ አፉ ከዚህ አይታይም። ሐይቁም በድርቅና ውሃው ከላይ ለመስኖ በመወሰዱ ምክንያት ከቀድሞው በእጅጉ ሸሽቷል፤ ሽማግሌው በልጅነቱ ውሃው የደረሰበትን ስፍራ አሳየን፥ እኛ ድንኳን የተከልንበት ነበር። ጥቂት ቀምሼ ተፋሁት፤ ጨው ነው። ለአባቴ የምነግረው ይህንን ነበር።

መኪኖቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ተነሡ። በቀትር ዲኪል ምሳ በላን፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ሆዳን ገባን። ጀሪካኑን ሞልቼ በቦታው አኖርሁት።