ከአዳራሽ የተቀዳ ዜማ እንዴት ይቃናል?

ባለፈው ሰኔ አንድ አረጋዊ ባልደረባችን ጡረታ ሲወጡ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ የስንብት ምሽት ተደርጎላቸው ነበር። እሳቸውም በጎረምሳነታቸው ይመቱት የነበረውን ክራር ይዘው መድረክ ላይ ወጡና ለግማሽ ሰዓት ያህል አዜሙ። «ከእንግዲህ በሰው ፊት አልመታም» ብለው አስቀድመው ነግረውን ስለ ነበር፣ እኔ በአራተኛው ረድፍ ተቀምጬ በእጅ ስልኬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀዳሁት። ማታ ቤቴ ገብቼ ባዳምጠው ግን ያ ብዙዎችን ያስለቀሰ ዜማ ከጕድጓድ ውስጥ የሚወጣ ጕርምርምታ ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአዳራሽ ስንቀመጥ ዓይናችን ዘፋኙን ስለሚያይ ሐሳባችን የእርሱን ድምፅ ለይቶ ይከተላል፤ የጎረቤታችንን ሳልና የወንበሩን ጩኸት ሳናስተውለው ያልፋል። ማይክራፎን ግን አያዳላም። የክራሩን ድምፅ፣ ከግድግዳና ከቆርቆሮ ጣሪያ ተመልሶ የሚመጣውን ማሚቶ፣ ጭብጨባውንም ሁሉ እኩል ይሰበስባል። በስቱዲዮ ቢሆን ለየመሣሪያው የተለየ ማይክራፎን ይቆምለትና በኋላ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በአንድ ስልክ የተቀዳ ዜማ ግን እንደ ተቀላቀለ ወጥ ነው፤ ጨው ቢበዛበት ለቅሞ ማውጣት አይቻልም።

ለዚህ ያለን መሣሪያ ኢኳላይዘር ይባላል፤ ማመጣጠኛ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከስልክ መሐንዲሶች ነው፤ ረዥም ሽቦ አንዳንዱን ድምፅ ከሌላው ይልቅ እያደከመ ስላስቸገራቸው፣ የደከመውን ከሌላው ጋር እኩል የሚያደርግ መሣሪያ ሠሩ። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል፤ የዚህም መለኪያ ኸርዝ ይባላል። ኢኳላይዘሩ ይህን ስፋት ከፋፍሎ ለየክፍሉ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ቍልፍ ያበጅለታል። ቍልፉ መካከል ላይ ሲሆን ምንም አይለወጥም።

እኔ በዚያች ሌሊት ያደረግኹት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። በግራ ያሉትን ወፍራም ድምፆችና በቀኝ ያሉትን ቀጭኖች ሽቅብ ሰቀልኋቸው። ለጊዜው ደስ አለኝ፤ ጮክ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ቅዳሜ ይዤላቸው ብሄድ ጥቂት አዳመጡና፣ «ልጄ፣ ይህ ክራር የኔ አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያጐላሁት ወፍራም ድምፅ የአዳራሹ ጕርምርምታ፣ ቀጭኑም ጭብጨባውና ፉጨቱ ነበር፤ ክራሩና ድምፃቸው መካከል ላይ ሰጥመው ቀሩ። የባሰው ደግሞ የለወጥኩትን በመጀመሪያው ላይ ደርቤ አስቀምጬ ነበር። ከሐፍረቴ ያዳነኝ ከኋላ ተቀምጦ የቀዳ አንድ ተማሪ ነው። የእርሱ ቅጂ ከኔው የራቀና የደከመ ቢሆንም፣ ያልተነካ ነበር።

በዚህኛው ላይ በጥንቃቄ ሠራሁ። በመጀመሪያ አንድ ተጨማሪ ቅጂ አወጣሁ። የስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ በሚገባ ስለማያሰማ በጆሮ ማዳመጫ አዳመጥኩ። ከዚያም ከመጨመር ይልቅ በመቀነስ ጀመርኩ። ዘዴው ይህ ነው፦ አንዱን ቍልፍ ብቻ ከፍ አድርጎ መስማት፣ ወደ ቦታው መልሶ ቀጥሎ ያለውን መሞከር፤ ከፍ ሲል ድምፁን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቀይመው የትኛው እንደ ሆነ ሲታወቅ እርሱን ዝቅ ማድረግ። በኔ ዘንድ ጥፋተኛው 250 ኸርዝ ላይ ተገኘ፤ 4 ዴሲቤል ቀነስኩለት። የ62ቱን ይበልጥ አወረድኩ፤ እዚያ ከወንበርና ከእግር ኮቴ በቀር ምንም አልነበረም። ለጭብጨባው 8,000ውን በ2 ዝቅ አደረግኩ። ከፍ ያደረግኹት አንድ ብቻ ነው፤ ቃላቱና የክራሩ ምት እንዲለዩ 2,000ውን በ2 ዴሲቤል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1933 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲያንስ ጆሮአችን ከሁሉ በፊት ወፍራሙን መስማት ያቅተዋል። ስለዚህ ሌሊት በቀስታ እየሰሙ ያስተካከሉት ዜማ፣ በማግሥቱ ከፍ ሲል በወፍራም ድምፅ ይጥለቀለቃል።

በቅጂው ውስጥ የሌለውን ግን ምንም ቍልፍ አያመጣውም። ማይክራፎኑ ከአቅሙ በላይ ጮኾበት የተሰነጠቀ ድምፅ ተሰንጥቆ ይቀራል። ለጎደለ መሣሪያም መድኃኒቱ ከተጫዋቹ እጅ ነው። በ1975 (በዚያው አቈጣጠር) አሜሪካዊው ኪት ጃሬት በጀርመን አገር በኮሎኝ ኦፔራ ቤት ሲጫወት፣ የቀረበለት ፒያኖ ያዘዘው ሳይሆን ትንሽ፣ ቀጭኑ የሳሳ ወፍራሙም የደከመ ነበር። እርሱ ግን በአብዛኛው በመካከለኛው ክፍል እየተጫወተ፣ በግራ እጁ አንዱን ሐረግ እየደጋገመ አጐለበተው። የዚያ ምሽት ሸክላ ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

የተማሪውን ቅጂ ካቃናሁ በኋላ እንደ ገና ወደ መምህሩ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሦስተኛው ዜማ ላይ ሲደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና፣ «እዚህ ጋ አንዷ አውታር ረግባብኝ ነበር፤ ተሰማህ?» አሉ። ተሰምቶኛል። እርሷን ግን አልነካኋትም።